የሐራራ አምስት ደቂቃ



በአዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሱቅ በደረቴ ሳያጋጥመው አይሳፈርም። ልጁ ካንገቱ ያንጠለጠላት ካርቶን ትንሽ ናት፤ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አፉ የተከፈተ የሲጋራ ፓኮ። ላይተሯ በክር ታስራለች፤ ገዢ ይለኩስባታል እንጂ ይዟት አይሄድም። አንድ ፍሬ ገዝቶ፣ ለኩሶ፣ የመጀመሪያውን ጭስ ለማስወጣት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እዚያ ሰልፍ ላይ ሲጋራ ካቆመ አራተኛ ቀኑን የያዘ ሰው ቆሟል እንበል። ታክሲው ዘግይቷል። ከፊቱ ያለው ሰው ለኩሷል፤ ነፋሱ ጭሱን እየገፋ ያመጣለታል። እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ብር መዳበስ ጀምሯል። ያን ጊዜ አጠገቡ የቆመው የሥራ ባልደረባው «አንድ ብትስብ ምን ትሆናለህ?» ሊለው ይችላል፤ «ና፣ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግራችን እንዝለቀው» ሊለውም ይችላል።

የዛሬው ዲስኩር ከአጫሹ ይልቅ ስለዚያ ባልደረባ ነው። ስለ ሚስት፣ ስለ ወንድም፣ ስለ ቢሮ ጓደኛ ነው። ሲጋራ እንደሚጎዳ ያልሰማ አጫሽ ዛሬ ተፈልጎም አይገኝም፤ ፓኮው ራሱ በፎቶ ይነግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ትምባሆ ከሚጠቀሙት 1.25 ቢሊዮን ሰዎች ውስጥ ከ750 ሚሊዮን የሚበልጡት ማቆም ይፈልጋሉ። ፍላጎቱ አለ። ብዙ ጊዜ የሚታጣው ሐራራ በመጣች ሰዓት አጠገብ ሆኖ የሚያሳልፍ ሰው ነው።

ሐራራን ቀምሶ የማያውቅ ሰው «ቆራጥ ሁን» ማለት ይቀለዋል። ስለዚህ አሠራሯን ማወቅ ይጠቅማል። ጭሱ ሳንባ ከገባ በኋላ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል። እዚያ ሲደርስ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል፤ ሰውየው እፎይ ይላል። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ግን በደሙ ካለው ኒኮቲን ግማሹ ይወጣል፤ አንጎሉም የለመደውን ድርሻ መጠየቅ ይጀምራል። አጫሹ «ሲጋራ ያረጋጋኛል» ሲል አልዋሸም፤ የሚያረጋጋው ግን በአብዛኛው ያለፈችው ሲጋራ ራሷ ያመጣችውን መቁነጥነጥ ነው። ከአልጋው ሳይወርድ የሚለኩስ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኒኮቲኑ ሲጎድልበት ያደረ ሰው ነው።

ሰውየው ሲያቆም ቁጣ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልና ረኃብ ይፈራረቁበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የከፉ ናቸው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየለዘበ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ደግ ነገር አለ፤ ሐራራ ቀኑን ሙሉ አትጨቀጭቅም። እንደ ምጥ መጣ ሄድ ትላለች፤ አንዷ ዙር ከጥቂት ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜም ከአምስት ደቂቃ አትዘልቅም። እንግዲህ የረዳቱ ሥራ መጠን ይኸው ነው። ዓመት ሙሉ እንዲጠብቀው የሚጠይቀው የለም፤ አምስቱን ደቂቃ አብሮት ይቆይ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ማቅረብ፣ «እስቲ ይቺን ሽንኩርት ላጥልኝ» ብሎ እጁን ሥራ ማስያዝ፣ ስልክ ደውሎ ስለ ኳስ ማውራት ይበቃል። ስለ ሲጋራው ባይነሳም ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ባይነሳ ይመረጣል።

ስለ ቡና ለብቻው መነገር አለበት።

በእኛ አገር ሲጋራና ቡና ተጋብተው የሚኖሩ ናቸው። ጀበናው ከከሰሉ ሲወርድ፣ ስኒው ሲንኳኳ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ የአጫሹ እጅ ሳይታዘዝ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ይህንን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚካሄደውን ነገር ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን የሚያጠፋበትን ኢንዛይም ያፈጥነዋል፤ ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። ስለዚህ ቡና ከአጫሽ ሰው ደም ቶሎ ይወጣል። ሰውየው ሲጋራ ባቆመ በቀናት ውስጥ ጉበቱ ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለስና የለመዳት ያችው የቡና መጠን በደሙ ውስጥ የምትተወው ካፌይን ወደ እጥፍ ይጠጋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ድው ድው ይላል፣ ሌሊት ኮርኒስ ሲቆጥር ያድራል። እሱ ታዲያ «ሲጋራ ማቆሜ ሊያሳብደኝ ነው» ይላል፤ ከጥፋቱ ግማሹ የቡናው መሆኑን ማን ይንገረው? የቤቱ ሰው ይህን ካወቀ መላው ቀላል ነው። አቦሉን ይጠጣ፣ ቶናውና በረካው ለጥቂት ሳምንታት ይቅሩበት። ለወትሮው ከደጁ ጋ ተቀምጦ የሚያጨስ ከሆነ መቀመጫው ወደ ውስጥ ይሳብ። ቆሎው ወደ እሱ ይጠጋ፤ እጅና አፍ ሥራ ይፈልጋሉና። ቡና የምታፈላዋ ሴት ሳታስበው የሕክምናው አንድ አካል ናት።

የጫቱ ነገር ከቡናው ይከብዳል። ምርቃና ሲመጣ ሲጋራ በሲጋራ ላይ የሚለኮስበት፣ ከዚያ ደግሞ ለጨብሲ መጠጥ ቤት የሚገባበት ልማድ ያለው ሰው፣ እዚያው ጫት ቤት ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ብቻ ነጥዬ አቆማለሁ ቢል ነገሩ አይሆንለትም። ጓደኞቹ ከልብ ሊረዱት ከፈለጉ ለዚያ አንድ ወር የመገናኛ ቦታቸውን ይለውጡ።

መድኃኒትም አለ፤ ያንዱ አመጣጥ ደግሞ መልካም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሉንድ በተባለች የስዊድን ከተማ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ክሌስ ሉንድግሬንና ስቴፋን ሊክትኔከርት፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከበኞችን ሲከታተሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ማጨስ አይቻልም፤ መርከበኞቹ ግን ትምባሆውን አፋቸው ውስጥ በመያዝ ሐራራቸውን ያስታግሱ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህንን ለኡቬ ፌርኖ ጻፉለት። ፌርኖ የመድኃኒት ኩባንያ ኬሚስት ሲሆን ራሱም ብርቱ አጫሽ ነበር። ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ ኒኮቲን በማስቲካ ውስጥ አስገባ፤ ከዓመታት ሙከራ በኋላ ማስቲካው «ኒኮሬት» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊዘርላንድ ተፈቀደ። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን የሚያስረው ኒኮቲን ሲሆን የሚገድለው በዋናነት ከጭሱ ጋር የሚገባው ሬንጅ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌላው መርዝ ነው። ማስቲካውና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን ሐራራውን በልክ እየመገቡ ጭሱን ያስቀራሉ፤ የማቆም ዕድልንም በግማሽ ያህል ከፍ ያደርጋሉ። ሐኪም የሚያዛቸው ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉ እንክብሎችም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። በእኛ አገር እነዚህ በየፋርማሲው እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም። መድኃኒቱ በራቀበት ቦታ ሰው መቅረብ አለበት።

በውጭ አገር ላሉት ወገኖች መንገዱ ቀለል ይላል። በአሜሪካ 1-800-784-8669 ላይ የሚደውል ሰው ያለ ክፍያ ምክር ያገኛል፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። በእስራኤል ኩፓት ሆሊም የሚባሉት የጤና ተቋማት የቡድን ድጋፍ ይሰጣሉ። ችግሩ ወላጅ ብዙ ጊዜ ይህን አለማወቁ ነው፤ ቋንቋውን የለመደ ልጅ ስልኩን ደውሎ ለአባቱ ቢያቀብለው ትልቅ ውለታ ነው።

ቀስ በቀስ ልቀንስ ወይስ በአንድ ጊዜ ልቁረጥ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ወደ 700 የሚጠጉ አጫሾችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ግማሾቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ እንዲያቆሙ፣ ግማሾቹ በቀጠሮው ቀን ድንገት እንዲቆርጡ ተደረገ፤ ሁሉም ኒኮቲን መተኪያና ምክር አግኝተዋል። ከአራት ሳምንት በኋላ በአንድ ጊዜ ከቆረጡት ውስጥ ከመቶ 49ኙ፣ ከቀነሱት ውስጥ ከመቶ 39ኙ ሳያጨሱ ተገኙ። ስለዚህ ቀን መቁረጥ ይሻላል። ቀኑንም ለሰው መንገር ይሻላል። «በቀን አንዷን ብቻ አስቀርቻለሁ» የሚል ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ በቀን ሃያ የሚያጨሰው ሰው ከተሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ገደማውን ይሸከማል።

«አሁንማ ካረጀሁ ወዲያ» ለሚሉ አባቶች የሪቻርድ ዶልን ነገር ማንሳት ይገባል። ዶል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የሳንባ ካንሰር ለምን እንደ ጉድ እንደ በዛ እንዲያጠኑ ከኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ጋር ተመደቡ። መጀመሪያ ላይ ዶል የጠረጠሩት የአስፋልቱን ሬንጅና የመኪናውን ጭስ ነበር። በለንደን 20 ሆስፒታሎች የተኙ ሕመምተኞች አንድ በአንድ ሲጠየቁ ግን መልሱ ወደ ሲጋራ እየጠቆመ መጣ። ዶል ራሳቸው አጫሽ ነበሩ። ጥናቱ ታትሞ ሳይወጣ፣ ቁጥሮቹ ጠረጴዛቸው ላይ እየተደረደሩ ሳሉ፣ ሲጋራቸውን ጣሉ። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

በዓመቱ ሁለቱ ሰዎች ለእንግሊዝ ሐኪሞች ሁሉ መጠይቅ ላኩ፤ 40 ሺህ ያህሉ መለሱ። ከነዚህ ውስጥ 34,439ኙን ወንዶች ለ50 ዓመት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጨረሻው ውጤት ሲታተም ዶል የ91 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ስማቸው አሁንም ከላይ ተጽፏል። ውጤቱ እንዲህ ይላል፤ ዕድሜ ልኩን ያጨሰ ሰው ካላጨሰው በአማካይ 10 ዓመት ቀድሞ ይሞታል። በ60 ዓመቱ ያቆመ 3 ዓመት ያህል ያተርፋል፤ በ50 ያቆመ 6፤ በ40 ያቆመ 9፤ በ30 ያቆመ 10ሩንም ከሞላ ጎደል ያስመልሳል። በ60 ዓመት ላይ ሦስት ዓመት ማለት ምናልባት የልጅ ልጅ ቆሞ ሲሄድ፣ ሲናገር፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ማየት ነው። በዚያ ዕድሜ ላይ ላለ አባት ቁጥሩን ከመንገር ይልቅ ልጁን ጭኑ ላይ ማስቀመጥ ሳይበልጥ አይቀርም።

አሁን ወደ ባልደረባው እንመለስ። ሰው ሲጋራ የሚያቆመው ብቻውን ነው ወይስ ከሰው ጋር ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የመጣው ማሳቹሴትስ ከምትገኘው ፍራሚንግሃም ከተማ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ትልቅ የልብ ጥናት ይካሄዳል። የጥናቱ ሠራተኞች ተመርማሪው አድራሻ ቢቀይር እንዳይጠፋባቸው የዘመዶቹንና የቅርብ ጓደኛውን ስም ይመዘግቡ ነበር። ያ መዝገብ ለአሥርት ዓመታት የቢሮ ወረቀት ሆኖ ኖረ። ኋላ ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች ሲያገኙት ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ ማን መቼ ማጨስ እንዳቆመ አንድ ላይ የሚያሳይ ካርታ ሆነላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003 ድረስ 12,067 ሰዎችን ተከታትለው በ2008 ያወጡት ውጤት አስደናቂ ነው። ከባልና ሚስት አንዱ ሲያቆም የሌላው የማጨስ ዕድል በ67 በመቶ ይወርዳል። ጓደኛ ሲያቆም በ36 በመቶ። ወንድም ወይም እህት ሲያቆም በ25 በመቶ። በትንሽ መሥሪያ ቤት አብሮ የሚሠራ ሰው ሲያቆም ደግሞ በ34 በመቶ። ሰዎች አንድ በአንድ እንደሚንጠባጠብ ውሃ ሳይሆን በመንጋ ነበር ያቆሙት፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ እንኳ በጓደኛ ጓደኛ ተሳስረው። በዚያ ጥናት ጎረቤት መሆን ብቻውን ለውጥ አላመጣም። የዚህ ዲስኩር አቅራቢ ግን ቡና ተጠራርቶ በሚጠጣበት፣ ዕድርና ዕቁብ ባለበት ሰፈር ቢጠና ውጤቱ የተለየ እንደሚሆን ይገምታል።

ከዚያው ጥናት የወጣ አንድ ሌላ ነገር ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1971 አጫሾች በጓደኝነቱ መረብ መሐል ነበሩ። ከ30 ዓመት በኋላ ማጨስ ያላቆሙት ወደ ዳር ተገፍተው፣ እርስ በርሳቸው ብቻ ተጠጋግተው ተገኙ። ሌላው ሲያቆም እነሱ ቀሩ፤ ሲቀሩ ደግሞ የሚያሳልፋቸው ሰው አጡ።

ይህ ለኢትዮጵያ ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ከአዋቂዎች ውስጥ ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ናቸው፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8። ቁጥሩ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። ታዲያ በእያንዳንዱ አጫሽ ዙሪያ ብዙ የማያጨሱ ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ ሊያሳልፉት የሚችሉ። የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የማያጨሰው ብዙኃን አጫሹን ያፍርበታል፣ ያሸማቅቀዋል። ነውሩ ሥሩ ሩቅ ነው፤ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በአዋጅ እንደ ከለከሉ፣ ቅጣቱም ከንፈርና አፍንጫ እስከ መቁረጥ እንደ ደረሰ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ የሚቆረጥ ከንፈር የለም፤ የሚደበቅ ሰው ግን አለ። በተለይ የምታጨስ ሴት ከባሏም፣ ከእናቷም፣ ከአለቃዋም ትደብቃለች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ መስኮት ከፍታ ታጨሳለች፣ ማስቲካ አኝካ ሽቶ ተቀብታ ትወጣለች። ማጨሷን ያልተናገረች ሴት ማቆሟን ለማን ትናገራለች? በሦስተኛው ቀን እጇ ሲንቀጠቀጥ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ነጭናጫ የሆንሽው?» ይሏታል እንጂ «አይዞሽ» የሚላት የለም።

ስለዚህ ረዳት መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ነገሩ እንዲነገረው የሚያስችል ፊት ያሳይ። ሁለተኛ፣ ጭቅጭቁን ይተው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሼልደን ኮኸንና ኤድዋርድ ሊክተንስታይን ያወጡት ጥናት ባለትዳሮችን ተከታትሎ፣ የማበረታቻው ቃል ከነቀፋው ሲበልጥ ሰውየው ሳያጨስ የመቆየት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ልብሱን ማሽተት፣ ኪሱን መፈተሽ፣ «ያው ትመለስበታለህ» ማለት አይረዳም። ክብደትም ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ። በዚያ ሰሞን «አቤት ወፈርክ!» እያሉ ሆዱን መንካት ይቅር።

የአገራችን ሕግም የበኩሉን ይዟል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥን አግዷል፣ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ፎቶ እንዲሸፈን አዟል። በሌላ በኩል የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 70.95 በመቶ ድርሻ ለመግዛት ከ940 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ ከፊቱ ረጅም ገበያ አይቷል። ሬስቶራንት ውስጥ ጭስ ሲሸተው ደፍሮ «ይቅርታ፣ እዚህ አይጨስም» የሚል አስተናጋጅ ያን ሰዓት ለማያውቀው አንድ ሰው፣ በሦስተኛው ቀኑ ላይ ላለ ሰው፣ እየረዳ ነው።

የረመዳን ወርም ጥሩ በር ነው። የሚጾም አጫሽ ከንጋት እስከ ማግሪብ 13 ሰዓት ያህል ሳያጨስ ይውላል፤ እንደሚችል በራሱ አካል አይቶታል። የሚቀረው ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ቤተሰቡ ተምሩን እንደሚያቀርብለት ሁሉ ከኢፍጣር በኋላ ለእግር ጉዞ ቢጠራው ግማሹ መንገድ ያልቃል።

መውደቅም አለ። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ሙከራ አያቆምም፤ ያለምንም ድጋፍ ከሚሞክሩት ውስጥ ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዘልቁት ከመቶ ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው። ብዙዎች በርካታ ጊዜ ሞክረው ነው የሚወጡት። የሚወድቁበትም ቦታ ይታወቃል፤ መጠጥ ቤት፣ ጠብ፣ ለቅሶ። ለቅሶ ላይ የሆነ ነገር እንመልከት። አንድ ሰው ሲጋራ ካቆመ 19 ቀኑ ነው፤ አጎቱ ሞቶ ድንኳን ውስጥ አድሯል። ሌሊት ካርታ ከሚጫወቱት ጋር ወጥቶ አንድ ለኮሰ። ጠዋት ጓደኛው መጣ፤ ፊቱን ሲያየው ገባው።

«አጨስክ?»

«አጨስኩ። አለቀ በቃ፣ ተበላሸ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

«ፓኮ ገዝተሃል?»

«አልገዛሁም። ከልጆቹ ተቀብዬ ነው።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

ዝም አለ። አሰበ። «ከዚያ ወዲህ አልነካሁም።»

«እንግዲያው ዛሬ ሃያኛ ቀንህ ነው» አለው ጓደኛው፤ ሻይ ቀድቶ ሰጠውና ከድንኳኑ ደጅ ላይ፣ ካርታ ከሚጫወቱት ራቅ ብሎ፣ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠ።